መንገደኛ የሚይዘው የስልክ ቍጥር

ዐቢይ ጾም ሲጋመስ ኢየሩሳሌምን ለመሳለም የሚሰናዱ ወገኖቻችን ስንቃቸውን፤ ነጠላቸውንና ጧፋቸውን አስቀድመው ያዘጋጃሉ። የስልክ ቍጥር የሚጻፍባት ወረቀት ግን ብዙውን ጊዜ ለመጨረሻዋ ሌሊት ትቀራለች፤ የሚጽፋትም ሻንጣ በማሰር ላይ ያለ ልጅ ነው። በዚህ ወር ስለዚህች ወረቀት ለመናገር ያነሣሣን በደብራችን ያሉ አንዲት እናት ያጋጠማቸው ነገር ነው።

እኒህ እናት በቀዳም ሥዑር ዕለት በጌታችን መቃብር ቤተ ክርስቲያን አደባባይ ከሕዝቡ ብዛት የተነሣ ከባልንጀሮቻቸው ተለዩ። ከአገር ቤት ይዘውት የሄዱት ስልክ በዚያ አልሠራ አላቸው። በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሯትን ወረቀት ፈተው ለአንድ ባለ ሱቅ ሰጡ፤ ሰውዬውም በቅንነት በገዛ ስልኩ ሦስት ጊዜ ሞከረላቸው፤ የሚሰማው ግን ቍጥሩ የለም የሚል ድምፅ ብቻ ነበረ። ልጃቸውም እዚህ አዲስ አበባ ሆና ያንኑ ቍጥር ስትደውል አመሸች፤ እርስዋም ያንኑ መልስ አገኘች። ያች ቤት በዚያ ሌሊት እንዴት እንዳደረች መናገር አያስፈልግም። ኋላ አንድ መንገደኛ ከአለባበሳቸው ኢትዮጵያዊት መሆናቸውን ዐውቆ፤ ከዚያው ከቅድስት ዕሌኒ ቤተ ጸሎት ጣራ ላይ ወዳለው ወደ ዴር ሡልጣን ገዳማችን አወጣቸው፤ ባልንጀሮቻቸውንም በዚያ አገኙ። ከተመለሱ በኋላ ወረቀቷን አይተናታል። ስሕተቷ አንዲት ዜሮ ነበረች።

የእስራኤል የእጅ ስልክ በአገሩ ውስጥ ሲደወል በ05 ይጀምርና በጠቅላላው 10 አኃዝ ይሆናል፤ የኢየሩሳሌም የቤት ስልክ ደግሞ በ02 ይጀምራል። የእኛም ልማድ ይኸው ነው፤ የእጅ ስልካችን በ09 ወይም በ07፤ የአዲስ አበባ የቤት ስልክ በ011 ይነሣል። ይህች ከፊት የምትቆመው ዜሮ ጥሪው ከአገር የማይወጣ መሆኑን የምታመለክት ናት። ከውጭ የሚደውል ሰው እርስዋን ትቶ በፈንታዋ የአገሩን መለያ ያስገባል፤ ይኸውም የእስራኤል 972፤ የኢትዮጵያ 251 ነው። (ሱማሌ 252፤ ጅቡቲ 253፤ ኬንያ 254 ናቸውና ጎረቤታሞቹ በቍጥርም ተከታትለው ቆመዋል።) እንግዲህ በእስራኤል በ05 የሚጀምረው ቍጥር ከአዲስ አበባ ሲደወል +972 5 ተብሎ ይጀምራል። በእናታችን ወረቀት ላይ ግን 97205 ተብሎ፤ የቀረውም አኃዝ ያለ ክፍተት ተያይዞ ተጽፎ ነበር። ይህ ለአገሬውም ለባዕዱም የማይሆን ቍጥር ነው።

የመደመር ምልክት የመሰለችው + «ከአገር አውጣኝ» ማለት ናት፤ በእጅ ስልክ ላይ ዜሮን ተጭኖ በመቈየት ትገኛለች። እርስዋ በሌለችበት በብዙ አገር 00፤ በአሜሪካ ግን 011 ይመታል። ይህ የአሜሪካ መውጫ ከአዲስ አበባ የቤት ስልክ መነሻ ጋር አንድ ሆኖ መገኘቱ ሰውን ያሳስታል። በዋሽንግቶን ያለ ልጅ የአባቱን ቤት እንደ አገር ቤቱ ልማድ 011 ብሎ ቢጀምር፤ ከአሜሪካ ለመውጣት ጠየቀ እንጂ አዲስ አበባን አልጠራም። 011 251 11 ብሎ የቀረውን 7 አኃዝ ማስከተል ይገባዋል። ጣልያን ደግሞ ለብቻዋ ናት፤ የሮማ የቤት ስልክ በ06 ይጀምራል፤ ይህች ዜሮ ከ39 በኋላም ትጻፋለች እንጂ አትወድቅም።

ስለዚህ ወረቀቷ ሁለት መልክ ያለው ጽሕፈት ይኑራት። ባለ ሱቁም ሆነ ፖሊሱ ስልኩን ሲያበድር የሚደውለው ከዚያው አገር ነውና፤ የመሪው ቍጥር እንደ አገሬው ልማድ ከነዜሮው በመጀመሪያ ይጻፍ። ከበታቹ የቤታችን ቍጥር በ+251 ይከተል፤ በ09 የሚጀምረው 9 ብቻ ሆኖ ይገባል። በቤት የሚቀሩት ደግሞ የመሪውን ቍጥር በ+972 ጽፈው ይያዙ። አኃዞቹም በየሦስቱና በየአራቱ ተለያይተው ይጻፉ። የማደሪያው ስም በአገሬው ፊደል ቢጨመር እጅግ ይጠቅማል፤ ይህን መሪው ራሱ ሊጽፈው ይችላል። የችግር ጊዜ ቍጥሮች የአገር መለያ አያሻቸውም፤ በእስራኤል ፖሊስ 100፤ አምቡላንስ 101 ነው፤ በአውሮፓ 112፤ በአሜሪካ 911።

ሰዓትም ያጣላል። በፋሲካ ወራት የእስራኤል ሰዓት ከእኛው ጋር እኩል ነው፤ አቈጣጠሩ ግን ከእኩለ ሌሊት ስለሚነሣ እኛ ማታ 2 ሰዓት የምንለው በዚያ 20 ሰዓት ተብሎ ይጻፋል።

እኒያ እናት እግዚአብሔር ቢፈቅድ ዳግመኛ ለመሄድ አስበዋል። ወረቀቷን አሁን የጻፈችላቸው የ7ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች የልጅ ልጃቸው ናት፤ ከመስጠቷም በፊት በቤታቸው ስልክ +251ን አስቀድማ የራሳቸውን ቍጥር ደውላ ሲጠራ አሰማቻቸው።