ዕቁብ አይዘለልም፤ ጸሎትስ?

እኛ ሞያሌ ላይ ዕቁብ የምንጥለው ቅዳሜ ነው። መኪና ተበላሽቶብን ያቤሎ ብናድር እንኳ ደውለን "የኔን ጣሉልኝ፣ ስመጣ እሰጣለሁ" እንላለን። ልጅ ታሞባትም፣ ዕቃ ተይዞባትም፣ ገበያ ሞቶባትም ዕቁብ ሳትጥል የቀረች ሴት እስካሁን አላየንም።

የምንጸልየው ግን በተረፈው ሰዓት ነው። የሚተርፍ ሰዓት ደግሞ የለም። ማታ ሒሳብ ዘግተን፣ ስለ ነገ ጭነት ተደዋውለን፣ ጋደም ብለን አባታችን ሆይን ሳንጨርስ እንቅልፍ ይወስደናል። ኦርቶዶክሷም ጴንጤዋም በዚህ አንለያይም።

"ሰልፍ ላይ እንጸልያለን እኮ" የሚሉ እህቶች አሉ። እኛም እንጸልያለን። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ ሰልፍ ላይ የምንጸልየው ስለ ሰልፉ ነው። ፈታሹ እንዲራራ፣ ዝናብ ዕቃውን እንዳይነካ፣ የወረደው ዋጋ እንዲመለስ። ይህም ጸሎት ነው፣ እግዚአብሔር አይንቀውም። ሆኖም ስንለምን ብቻ ኖረን፣ የምንሰማው መቼ ነው?

በ2013 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች የጋራ የድንበር ኬላ ሲመረቅ ደስ ብሎን ነበር። በኢትዮጵያ በኩል ጨርሰን በኬንያ በኩል እንደገና የምንጀምረው ጉዳይ በአንድ ቦታ እንዲያልቅ ተባለ። ሁልጊዜ እንደታሰበው ይፈጥናል አንልም። ቢሆንም ቀኑን ሙሉ ይፈጅብን የነበረውን ጉዳይ በግማሽ ቀን የጨረስንባቸው ጊዜያት አሉ። ያ የተረፈው ግማሽ ቀን የት ገባ? ሌላ ጭነት ጨመርንበት። ያልጨመርንበትን ቲክቶክ በላው። "ሥራ ሲቀልልኝ እጸልያለሁ" የምትል ካለች ይህን ታስብልን።

ኮሜርስ ስንማር ቋሚ ወጪ የሚባል ነገር ነበር። ሸጥሽም አልሸጥሽም የሱቅ ኪራይ ይከፈላል። ገበያ ሲቀዘቅዝ የሚቀነሰው ተለዋዋጩ ወጪ ነው። እኛ ጸሎትን ከተለዋዋጩ ጋር መዝግበነው ኖረናል።

የፊልጵስዩሷ ልድያም ነጋዴ ነበረች። ቀይ ሐር ትሸጣለች፣ አገሯ ትያጥሮን ነው፤ እንደ እኛ ከቤቷ ርቃ የምትሠራ። ጳውሎስ ያገኛት ግን ገበያ ላይ አይደለም። በሰንበት ቀን፣ ከከተማው በር ውጭ፣ ሴቶች ለጸሎት በተሰበሰቡበት ወንዝ ዳር ነው። ቀን ነበራት፣ ቦታም ነበራት።

እኛ አራት ሆነን ማክሰኞ ጠዋት 12 ሰዓትን ያዝን፤ ሱቅ ከመከፈቱ በፊት፣ ከአንዳችን ሱቅ ጓሮ። አንዷ ከማዶ፣ ከኬንያ በኩል ናት። በስዋሂሊም ሰዓት የሚቆጠረው እንደ እኛ ከንጋት ስለሆነ ቀጠሮ አላምታታንም። ስልክ ይጠፋና ቅርጫት ውስጥ ይገባል። ከሉቃስ ወንጌል አንድ ምዕራፍ ይነበባል፣ ከዚያ ሩብ ሰዓት ዝም እንላለን። ይህ የቅዳሴን ወይም የእሑድ አምልኮን ቦታ አይወስድም፤ እሱን እያንዳንዷ በየቤተ ክርስቲያኗ ትሄዳለች። ባሎቻችን መጀመሪያ ስለ ቁርስ አጉረመረሙ። አሁን የማክሰኞን ቁርስ እነሱ ያቀርባሉ፤ ሻዩ ቀጭን ነው፣ ግን አንከስም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዝምታው አስጨነቀን። የጠፋው ስልክ ቅርጫት ውስጥ የሚጠራ ይመስለን ነበር።

ምዕራፍ 19 ላይ ዘኬዎስ ጋ ደረስን። የቀራጮች አለቃ ስለሆነ መጀመሪያ ሳቅን፤ ለምን እንደሳቅን ኬላ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። ዝም ስንል ግን ከመካከላችን አንዷ ማልቀስ ጀመረች። ማን እንደሆነች አንናገርም። ከአራት ዓመት በፊት ከማዶ ከአንዲት ነጋዴ ብርድ ልብስ በዱቤ ወስዳ ነበር፤ 46,000 ሽልንግ፣ በቃል ብቻ፣ ወረቀት የለውም። ሴትየዋ በድንገት አረፈች። ሁላችንም ለቅሶ ደርሰናል። ልጆቿ ስለ ዱቤው አያውቁም፣ የጠየቀም አልነበረም። እህታችን "ረሳሁት" አላለችንም። "ትዝ እንዳይለኝ ሥራ አበዛሁ" ነው ያለችው።

ጊዜ የለንም ማለት ሁሉ ውሸት ነው አንልም። ብቻዋን ልጆች የምታሳድግ፣ ሌሊት ተነስታ የምትጭን ሴት ድካሟ እውነት ነው። ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ ግን አንድ ነገር አውቀናል። "ጊዜ አጣሁ" ስንል፣ አንዳንዴ የምንሸሸው ዝም ብለን ስንቀመጥ የሚመጣውን ነገር ነው። እንዲህ ያለው ነገር ደግሞ ሰልፍ ላይ ትዝ አይልም።

ገንዘቡ በአንዴ አልሞላም። ዕቁብ ሲደርሳት ግማሹን፣ ቀሪውን በሦስት ወር ከፈለች። የሟች የመጀመሪያ ልጅ ገንዘቡን ይዞ "ይሄ የምንድን ነው?" አለ። ስትነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፣ ከዚያ ሻይ አዘዘላት። አሁን ዕቃ ጨምሮ ይሰጣታል ብላችሁ እንዳትጠብቁ፤ ልጁ ንግዱን ትቶ ናይሮቢ ነው የሚኖረው።

መተማም ሆናችሁ ቶጎጫሌ፣ ማክሰኞ ካልተመቻችሁ ሐሙስ ይሁን። ብቻ ቀኑን ለሌላ ሰው ንገሩ፤ ዕቁብም ቢሆን የማንዘለው ቁጭ ብለው የሚጠብቁን ሰዎች ስላሉ ነው። እኛ ሉቃስን ጨርሰን የሐዋርያት ሥራን ጀምረናል። ሰኞ ማታ ሞያሌ የምታድሩ ከሆነ፣ ቅርጫቱ ለአንድ ሁለት ስልክ ቦታ አያጣም።