ጃቫ «ራሱን የሚመልስ» ሜተድ ያስፈልገዋል?

እ.ኤ.አ. በ2005 ማርቲን ፋውለርና ኤሪክ ኢቫንስ «ፍሉዌንት ኢንተርፌስ» ያሉት አጻጻፍ ሜተዶችን በነጥብ እያያያዘ በአንድ ትንፋሽ ያስጠራል። ለዚህም እያንዳንዱ ሜተድ የተጠራበትን ኦብጀክት መልሶ መስጠት አለበት። ጃቫ ውስጥ በሪተርን ታይፑ ቦታ «ዲስ» ብሎ መጻፍ ይፈቀድና ቀሪውን ኮምፓይለሩ ይጨርሰው? ሁለት ፕሮግራመሮች ይሟገታሉ።

ይፈቀድ

«ገብቼ፣ አይቼ፣ ገዝቼ ወጣሁ» ስንል «እኔ»ን አራት ጊዜ አንደግምም፤ ባለቤቱን የግሱ መድረሻ ይናገራል። ጃቫ ግን ያስደግመናል። የስትሪንግ ቢልደርን ኮድ ከፍተው ይዩ፦ አፔንድ ከሚባሉት 13 ሜተዶች አብዛኞቹ ሥራውን ለወላጅ ክላሱ አሳልፈው «ሪተርን ዲስ» ይላሉ፤ ሌላ ሥራ የላቸውም። ልጁ እንዲህ ካልደገመ ሰንሰለቱ በወላጁ ዓይነት ይቀጥልና የልጁ ሜተዶች መሃል ላይ ይጠፋሉ። ይህን ለማምለጥ ክላሱን በራሱ ስም በጄኔሪክ የሚጠልፉ አሉ፤ ጀማሪ ሲያየው ይደነግጣል። ታይፕስክሪፕት በ2015፣ ፒኤችፒ በ2020፣ ፓይተን በ2022 ለዚህ ዓይነት ስም አበጅተዋል። ጃቫ ምን ይጠብቃል?

አይፈቀድ

ምሳሌዎ ያምራል፤ ግን «ዝናብ ዘንቦ፣ መንገዱ ጨቅይቶ ቀረሁ» ስንልስ? ባለቤቱ በየግሱ ተለወጠ። የጃቫ ሰንሰለትም እንዲሁ ነው። የቢግ ዴሲማል «ሴትስኬል» ስሙን ላየ ያንኑ ኦብጀክት የሚለውጥ ይመስላል፤ ቢግ ዴሲማል ግን አይለወጥም፣ ውጤቱ ያለው በሚመለሰው ላይ ነው። ነጥቡ ያው ነጥብ ስለሆነ አንባቢ ጥሪውን አይቶ አይለይም።

የጠቀሷቸው ቋንቋዎችም ዓይነቱን ሰየሙ እንጂ «ሪተርን»ን የጻፈልን የለም። ነባሩን ላይብረሪ እናስተካክል ብንልስ? የሊስት «አድ» ቡሊያን፣ የማፕ «ፑት» የቀድሞውን ዋጋ ይመልሳሉ። ቮይዱን እንቀይር ካልን፣ በባይትኮድ ሪተርን ታይፑ የሜተዱ መለያ አካል ነውና ቀድሞ ኮምፓይል የተደረገ ፕሮግራም ሜተዱን አጥቶ ይወድቃል። ዳርት መፍትሔውን ከጠሪው ዘንድ አኖረ፦ ሁለት ነጥብ አከታትለው ከጻፉ፣ ሜተዱ ምንም ቢመልስ ቀጣዩ ጥሪ ወደዚያው ኦብጀክት ይሄዳል።

የይፈቀድ መልስ

ሴትስኬልን ለእኔ ምስክር አድርገው ጠሩልኝ! «ዲስ» የሚለው ቃል ያለበት ሜተድ ያንኑ ኦብጀክት እንደሚመልስ ቃል ይገባል፤ ኮምፓይለሩም ያስከብረዋል። የዳርት ነጥቦች ለጠሪው ይመቻሉ እንጂ ደራሲውን በምንም አያስሩም።

የአይፈቀድ መልስ

ቃል የሚገባው ደራሲው ነው፤ በእኩለ ሌሊት ስህተት የሚያስሰው ግን ጥሪውን የሚያነበው ሰው ነው። ምልክት ካስፈለገ፣ እሱ ዓይኑን በጣለበት መስመር ላይ ይቀመጥ።