ዝናም የማያውቀው ክረምትና የጾም ማእድ

ከዓረብ አገር፣ በተለይም ከሪያድ ከተማ፣ ለመሳለም የሚመጡ እኅቶችና ወንድሞች ደጋግመው ከሚያነሡልን ጥያቄዎች አንዱ «በዚያ አገር በጾም ወራት ምን ሠርተን እንብላ?» የሚል ነው። ጥያቄው የሆድ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቀኑን ሙሉ በሰው ቤት ሲደክም የዋለ ሰው ለማምሻው የሚሆን ነገር ካላሰናዳ በደረቅ ዳቦና በሻይ ይሰነብታል። ጉልበቱ ይዝላል፤ ጾሙን ወይ በምሬት ይፈጽመዋል፣ ወይ እስከ ጭራሹ ይተወዋል። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን የሪያድን ወቅቶች ከአጽዋማቱ ጋር አስተያይተን ለመጻፍ ወደድን።

በአገራችን የዘመን አከፋፈል ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 የሚዘልቅ የዝናም ወራት ነው። በሪያድ ግን በዚህ ጊዜ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ዝናምም አይታሰብም። ያለችው ጥቂት ዝናም የምትወርደው ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ነው። የሂጅራው ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀናት ገደማ ስለሚያንስ ወሮቹ በየወቅቱ ይዞራሉ፤ በወር ስም ዘርና መከርን መለየት አይቻልም። ስለዚህ የአካባቢው ገበሬዎች ከጥንት ጀምረው ኮከብ ይመለከታሉ። ሱሃይል የሚሉት ኮከብ ነሐሴ 18 ቀን ገደማ ከንጋት በፊት ሲታይ የሐሩሩ መብረጃ ምልክት አድርገው ይቀበሉታል። ለእኛ ይህ ፍልሰታ ከተፈታ በ2ኛው ቀን መሆኑ ነው።

እንግዲህ ጾመ ነቢያትና ዐቢይ ጾም በሪያድ የሚውሉት አትክልቱ በሚበዛበት ወቅት ነው። ከከተማይቱ ደቡብ ምሥራቅ ካለው ከአል ኸርጅና ከሌሎችም እርሻዎች ጥቅል ጎመን፣ የአበባ ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ሰላጣ ይመጣል። የሐበሻ ጎመን የጠፋበት ሰው ነጋዴዎቹ «ሲልቅ» የሚሉትን ቅጠል ይጠይቅ፤ እርሱ የእኛው ቆስጣ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ቲማቲም ሲረክስ ደኅናውን መርጦ መክፈል፣ ጨው ነስንሶ በፀሐይ ማድረቅ ይገባል። አየሩ እጅግ ደረቅ ስለሆነ ፈጥኖ ይደርቃል፤ ነገር ግን በዚያ ወራት የአቧራ ነፋስ ስለሚበረታ በስስ ጨርቅ መሸፈን ያስፈልጋል። ይህ ደረቅ ቲማቲም ለበጋው ሐሩር የስልስ ስንቅ ይሆናል።

ጾመ ሐዋርያት ሲገባ ቅጠላ ቅጠሉ ይመነምናል። ያን ጊዜ ባምያ፣ ደበርጃን፣ ዱባና ሐብሐብ ይተካሉ። ባምያን ለማያውቁት ምክራችን ይህ ነው፦ ታጥቦ ፈጽሞ ይድረቅ፤ ሽንኩርቱና በርበሬው ከበሰሉ በኋላ ይግባ፤ ጥቂት ሎሚ ይጨመርበት፤ አብዝቶ አለማማሰል ልጋጉን ይቀንሰዋል። በፍልሰታ ደግሞ የቴምር እሸት ይደርሳል። ከቀሲም የሚመጣው ሱከሪና ኸላስ የሚባለው ዓይነት በገበያ የሚታወቁ ናቸው። በአገራችን በሱባኤው ጥሬና ቆሎ እንደሚበላ፣ በዚያም ጥቂት ቴምር ከሽንብራ ቆሎ ጋር እሳት ሳይነካው ማእድ ይሆናል። የራሱ ማእድ ቤት ለሌለው፣ በአሠሪው ምድጃ ሰዓት ጠብቆ ለሚያበስል ሰው ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው።

የእንጀራው ነገር ለብቻው ይታሰብ። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ለዓመታት የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይላክ ተከልክሎ ስለነበር በስደት ያሉ ወገኖች ጤፉን በሩዝ ዱቄት ወይም በማሽላ እየደባለቁ መጋገርን ለምደዋል። ማሽላ በደቡብ ባለው በጃዛን አውራጃም ይበቅላል። በሐሩር ሊጥ ፈጥኖ ስለሚኮመጥጥ እርሾውን አሳንሶ ማታ ማቡካት፣ በታኅሣሥና በጥር ብርድ ግን ምድጃው አጠገብ አኑሮ በትዕግሥት መጠበቅ ይበጃል።

በወቅቱ የደረሰውን መብላት ገንዘብን ያተርፋል፤ ለቤተ ሰብ የሚላከውም አይጎድልም። ከዚህም በላይ ያ አገር የሚያርሰው በአብዛኛው ከምድር ጥልቅ በሚወጣ ውኃ ነው። ቀድሞ ስንዴ ወደ ውጭ ይልክ የነበረው መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2008 የአገር ውስጥ ስንዴ ግዢውን ደረጃ በደረጃ ለመቀነስ የወሰነው ይህ ውኃ እያለቀ በመሄዱ ነው። በአል ኸርጅም የታወቁት ጥንታውያን ምንጮች ደርቀዋል። እንግዲህ በዚያ አገር አንዲት እስር ቆስጣ ስንኳ በከንቱ ልትጣል የማይገባት ውድ ነገር ናት።

በመጨረሻም ለነፍስ አባቶች አንድ ነገር እናሳስባለን። ከዚያ የመጣ ልጅ ስለ ጾም ምክር ሲጠይቅ፣ የምንመልስለት በደጃችን ያለውን የጎመን መደብ እያየን እንዳይሆን። አስቀድመን «በየትኛው ወር ነህ? ምድጃው የማን ነው? ስንት ሰዓት ትሠራለህ?» ብለን እንጠይቀው። ተሳላሚዎችም ስትመለሱ በርበሬና ሽሮ ብቻ ሳይሆን፣ በየወሩ ገበያ ላይ ያገኛችሁትን የምትመዘግቡበት ትንሽ ደብተር ያዙ፤ አዲስ ለሚመጣው ወንድም ወይም እኅት የመጀመሪያው ስንቅ እርሱ ይሆናልና።