ተቸግሮ ቤቱን የሚሸጥ ሰው ለምን ይከስራል?



በአዲስ አበባ ቤት ተወደደ ሲባል የሚታሰበው ገዢው ነው። ለተከራዩም በየምርጫው ቃል ይገባለታል። ቤቱን ለመሸጥ ስለሚገደደው ሰው ግን የሚናገር እምብዛም የለም። ቤት የሚሸጥ ሁሉ ሀብታም ነው፣ አለዚያም ውጭ አገር ሊሄድ ነው የሚል ግምት ስላለ ይመስለናል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምናነሳው ሕመም፣ ሞት፣ ዕዳ ወይም የውርስ ክፍፍል አስገድዶት ቤቱን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መሸጥ ያለበትን ዜጋ ነው።

ፈረንሳይ ለጋሲዮንን እንውሰድ። ከቀበና ወደ እንጦጦ ተራራ የሚወጣው ይህ ሰፈር ስሙን ያገኘው በአፄ ምኒልክ ዘመን ለፈረንሳይ ለጋሲዮን ከተሰጠው ሰፊ ግቢ ነው። ከግቢው አጥር ውጭ፣ ወደ አቦም ሆነ ወደ ጉራራ ሲወጣ፣ ዳገቱን ተከትለው ተጠጋግተው የተሠሩ የጭቃና የብሎኬት ቤቶች አሉ። በዚህ ሰፈር ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ልጃቸውን ለማሳከም የሚኖሩባትን ቤት ለመሸጥ ወሰኑ እንበል። ገንዘቡ በወር ውስጥ ያስፈልጋቸዋል። ካርታው በባላቸው ስም ነው።

መጀመሪያ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ማውጣት አለባቸው። ቀጥሎ ስሙ ወደ ወራሾቹ ይዛወራል። በካርታው ላይ የተጻፈው ስፋትና መሬት ላይ ያለው ልኬት ካልገጠመ ቀያሽ ይጠበቃል። የግብር ክሊራንስ፣ ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ ያላገቡ መሆናቸውን የሚያሳይ ማስረጃ፣ የቤቱ ግመታ፣ ከዚያ በኋላ ውልና ማስረጃ። እያንዳንዱ ወረቀት ለብቻው ሲታይ ምክንያት አለው። ለምሳሌ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ተጋቢዎች ስምምነት እንዳይሸጥ መደንገጉ ብዙ ሴቶችን ከሜዳ ከመውደቅ አድኗል። እኛ የምንቃወመው ማስረጃ መጠየቁን ሳይሆን፣ ማስረጃው መቼ እንደሚሰጥ የሚናገር ሰው አለመኖሩን ነው። "ፋይሉ አልተገኘም"፣ "ሲስተም የለም"፣ "ባለሙያው ስብሰባ ላይ ነው" የሚሉትን መልሶች ያልሰማ የከተማ ነዋሪ ካለ ዕድለኛ ነው።

ደላላው ይህን ሁሉ ከእሳቸው በተሻለ ያውቃል። "እማማ፣ ጊዜ ካለዎት ይጠብቁ፤ ከቸኮሉ ግን ጥሬ ገንዘብ የያዘ ሰው አለኝ" ይላቸዋል። ሰውየው ወረቀቱን ራሱ ያስጨርሳል፤ ዋጋውን ግን እሱ ይቆርጣል። እኚህ እናት የሚከስሩት ቤታቸው ስለማይፈለግ አይደለም። ወረፋውን መጠበቅ ስለማይችሉ ነው፤ መጠበቅ የሚችለው ሰው ትርፉን ይወስዳል።

ደላላን መስደብ በከተማችን የተለመደ ነው። እኛ አንሳደብም። ደላላው የሚሸጠው መንግሥት በነፃ ሊሰጠው ይገባ የነበረውን መረጃ ነው። በአንድ ወረዳ ባለፈው ወር ምን ያህል ቤት በምን ዋጋ እንደተሸጠ መዝግቦ የያዘው መንግሥት ነው፤ ሻጭዋ ግን ይህን መዝገብ ማየት አይችሉም።

የገዢውም ነገር መታየት አለበት። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የባንኮች የብድር ዕድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ። ጣሪያው በኋላ ከፍ ቢደረግም፣ በደመወዙ ተበድሮ ቤት መግዛት ለሚፈልገው መምህር ወይም ነርስ የባንኩ በር ጠባብ እንደሆነ ነው። ስለዚህ ለቸኮለ ሻጭ የሚቀርበው ገዢ ገንዘቡን በእጁ የያዘው ብቻ ይሆናል። እሱም አብዛኛውን ጊዜ "ግማሹን አሁን፣ ቀሪውን ስሙ ሲዛወር" ይላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ስም ሲዛወር የሚከፈል ገንዘብ ዛሬ ከሚከፈል ጋር አንድ እንዳልሆነ ለማንም መንገር አያስፈልግም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሻጩ የሚሸጠው ምንድን ነው? አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ብዙ ድሆችን ከአከራይ ጫና እንዳላቀቀ አንክድም። ነገር ግን መሬት ለአራሹ ብሎ የተነሳው ትውልድ የከተማው ነዋሪ የመንግሥት ጭሰኛ ይሁን አላለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን ደነገገ። የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ደግሞ ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በማናቸውም መንገድ ለሌላ ሲተላለፍ ገዢው ቦታውን በሊዝ እንዲይዝ አደረገ። እናታችን ለአባት ለአያት የኖረ ይዞታ ሲሸጡ ገዢው የሚረከበው የሊዝ ውል ነው። ለዓመታት ሲሠራበት የኖረው 4 በመቶ የስም ማዛወሪያና 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥም አለ። ገዢው ይከፍላል ይባላል እንጂ ይህ ሁሉ ከሻጩ ዋጋ ላይ የሚቀነስ ነው። ከፍያውን ለመሸሽ በውሉ ላይ ዝቅ ያለ ዋጋ ይጻፋል፤ ቀሪው ገንዘብ ሲከዳ ሻጩ የሚከስበት ወረቀት የለውም።

ሌላው አቋራጭ ውክልና ነው። በተለይ ኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሰው ሰው አምስት ዓመት ሳይሞላ መሸጥ ስለማይችል፣ በውክልናና በብድር ውል ሽፋን ይሸጣል። ውክልና ግን ይሻራል፤ ወካዩ ሲሞትም ይቀራል። ገዢው ይህን አደጋ አስቦ ዋጋውን ያወርዳል፤ በመጨረሻም ሁለቱም ፍርድ ቤት ይንከራተታሉ።

በየካቲት 2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ተጀምሮ ፒያሳ ከፈረሰ፣ በ2017 መጀመሪያ ደግሞ ካዛንቺስ ከተነሳ ወዲህ "ይህም ሰፈር ሊፈርስ ነው" የሚል ወሬ ብቻ ገበያ ይገድላል። በወንዝ ዳር ላለ ቤት ወሬው የበለጠ ይከብዳል። ወሬውን የሚያጠራው የከተማው ፕላን ነው፤ ነዋሪው በቀላሉ አያገኘውም። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለሚነሳ ሰው በቦታው ላይ ላለው ንብረት ካሳና የልማት ተነሺ ድጋፍ ይሰጣል እንጂ የመሬቱን የገበያ ዋጋ አይከፍልም። በመሆኑም የፈራ ሰው ባገኘው ዋጋ ሸጦ መውጣትን ይመርጣል።

ፓርቲያችን የከተማ ቦታ የባለይዞታው ሀብት መሆን አለበት ብሎ ያምናል። ይህ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የሚጠይቅ ስለሆነ በአንድ ምርጫ ይፈጸማል ብለን አናታልላችሁም። የሊዝ አዋጁን ማሻሻልም የተወካዮች ምክር ቤት ሥራ ነው፤ እጩዎቻችን እዚያ ሲገቡ ነባር ይዞታ ሲሸጥ እንደ ነባርነቱ እንዲቀጥል ሐሳብ ያቀርባሉ።

ለከተማው ምክር ቤት የምናቀርባቸው እጩዎች ግን ሕገ መንግሥት ሳይነካ ሊሠራ የሚችለውን ይሠራሉ። የዕዳና እገዳ ማረጋገጫ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ እንዲሰጥ፣ ጽሕፈት ቤቱ ከዘገየ የከተማው የስም ማዛወሪያ ክፍያ በግማሽ እንዲቀንስ ደንብ እንዲወጣ እናደርጋለን። ከተማው ገቢ ያጣል የሚሉን አሉ። ክፍያው ሲቀል እውነተኛው ዋጋ በውል ላይ ስለሚጻፍ የሚታጣው የሚፈራውን ያህል አይሆንም፤ ሹሙም በመዘግየቱ የሚጎዳው ባለጉዳዩ ብቻ አለመሆኑን ያያል። የተሸጡ ቤቶች ዋጋ የሰው ስም ሳይጠቀስ በየወረዳው በየወሩ ይለጠፋል። የሰፈሩ ፕላንም በወረዳው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ፣ ማንም ሳያስፈቅድ በሚያየው ቦታ ይሰቀላል።

የሌላ ፓርቲ እጩ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን መጥቶ ስለ ቤት ሲነግራችሁም አንድ ነገር ጠይቁት፤ እሱ ቢመረጥ የዕዳና እገዳ ደብዳቤ በስንት ቀን ይሰጣል?