ባሕር አይተን እንመለሳለን

«ለእረፍት አውሮፓ ልንሄድ ነው» ስንል የሰፈሩ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ «ልትቀሩ ነው አይደል?» «ኧረ ባሕር አይተን ልንመለስ ነው» ስንል ይሳቅብናል። ወገን! እኛ ግን የምራችንን ነው። ሄደን፣ እግራችንን ውኃ ውስጥ ነክረን (ዋና እንደሆነ አንችልም)፣ የተጠበሰ ዓሣ በልተን፣ ሰኞ ሥራ መግባት ነው የምንፈልገው። ቅንጦት ነው የሚለን ካለ አንከራከርም። ብሩን ከደሞዛችን እየቆነጠርን ያጠራቀምነው ግን እኛው ነን።

ሀገራችን ባሕር የላትም፤ ስለዚህ ፖርቱጋልን መረጥን። ትውውቃችንም የቆየ ነው። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1541፣ ክሪስቶቫው ዳ ጋማ 400 ያህል ጠመንጃ ያዥ አስከትሎ በምጽዋ በኩል መጥቶ ነበር… ቪዛ ግን የጠየቀው ሰው አልነበረም! አባቱ ቫስኮ ዳ ጋማ ያረፈው ሊስቦን፣ ቤሌም በሚባለው ሰፈር፣ ጄሮኒሞስ ገዳም ውስጥ ነው። እንግዲህ ጉዟችንን የቆየ ጥየቃ መመለስ ነው ብላችሁ ቁጠሩልን።

የፈረንጅ የጉዞ መጻሕፍት ምክራቸውን የሚጀምሩት ከሆቴል ነው። የእኛ የሚጀምረው ከወረቀት ነው። የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ማስገባት ይቻላል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ለኢትዮጵያውያን የውሳኔ ጊዜውን ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አራዝሞታል፤ ለብዙ ጊዜ መግቢያ የሚሆነውንም ቪዛ አስቀርቶብናል። ምክንያቱ ምን ይመስላችኋል? ያለ ፈቃድ የቀሩ ዜጎችን በመመለሱ ጉዳይ መንግሥታችን በበቂ አልተባበረም የሚል ነው። በሌሎች ዕዳ የምንቆመው እኛ ተመላሾቹ ነን ማለት ነው። ፍትሐዊ አይደለም እንላለን። ቢሆንም ካላንደሩን እሱ ላይ አስተካክላችሁ ያዙ፤ ለመስከረም ጉዞ ሚያዝያ ላይ መጀመር ነው።

ክፍያው ከሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ 90 ዩሮ ሲሆን ቢከለከሉም አይመለስም። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። የምታመለክቱት ረጅሙን ጊዜ ለምትቆዩበት ሀገር ነው፤ ስለዚህ «የሌላው ይቀላል» እያላችሁ ኤምባሲ አታማርጡ።

ከመካከላችን አንዷ (ስሟ ይቆየን) በመጀመሪያው ሙከራዋ ደላላ ሰማች። የሦስት ሳምንት ፕሮግራም ጻፈች፣ ከዘመድ የተበደረችውን ገንዘብ በማመልከቻዋ ሳምንት አካውንቷ ውስጥ ከተተች፣ ገንዘቡ የማይመለስ ትኬትም ቆረጠች። መልሱ መጣ፦ ጊዜው ሲያበቃ ተመልሳ ስለመውጣቷ ያጠራጥራል። ትኬቱ ተቃጠለ፣ ብድሩ ቀረ፣ ሰፈሩም «ብለን ነበር» አለ። በዓመቱ የራሷን ትንሽ ገንዘብ፣ ትክክለኛውን የመሥሪያ ቤት ደብዳቤና የ8 ቀን ፕሮግራም ይዛ ሄደች። በዚህኛው ተፈቀደላት። እውነት መናገር ሁሌ ቪዛ ያሰጣል ማለታችን አይደለም፤ ሐሰቱ ግን ሁለት ጊዜ ያስከፍላል። ደግሞም ትኬት ከቪዛ በፊት አትግዙ፤ በአብዛኛው የሚጠየቀው ቡኪንግ ነው። ከተከለከላችሁም ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጣችኋል፤ ይግባኝም አለ። መከለከል ነውር አይደለም።

ተፈቀደ እንበል። መቼ እንሂድ? ነሐሴ አጋማሽ ላይ ፖርቱጋሎቹ ራሳቸው ባሕር ዳርቻ ናቸው፤ ዋጋው ጣሪያ ነክቷል። ሰኔ መግቢያና መስከረም ይሻላሉ። ሰኔ 12 (በፈረንጅ) ማታ ሊስቦን የቅዱስ አንቶኒዮን በዓል በየመንገዱ ሰርዲን እየጠበሰች ታከብራለች። ከሊስቦን ፖርቶ በባቡር 3 ሰዓት ያህል ነው፤ ትኬቱ አስቀድሞ ሲገዛ ይረክሳል። ለ8 ቀን ሁለት ከተማና አንድ ባሕር ዳርቻ ይበቃል። አራት ሀገር ለመርገጥ አትሩጡ።

ውኃው አትላንቲክ ነው፤ በበጋም ይበርዳል። ደቡቡ፣ አልጋርቭ የሚባለው፣ ሞቅ ይላል። የባሕር ዳርቻውን ባንዲራ እዩ፦ ቀይ ከሆነ አይገባም፤ ቢጫ ከሆነ እግር ማስነከር እንጂ መዋኘት የለም (ለእኛ ቢጫው ይበቃናል)። ምግብ ቤት ገብታችሁ ሳታዙ የሚመጣው ዳቦና ወይራ የእንግዳ አክብሮት መስሏችሁ እንዳትሸወዱ፤ ከበላችሁት ይከፈልበታል። ካልፈለጋችሁ በትሕትና መልሱት። ሂል ጫማ ደግሞ እዚሁ ይቅር! ሊስቦን ዳገትና የሚያዳልጥ ድንጋይ ናት።

ሻንጣ ስትሸክፉ እማማ «ለእነ እንትና አድርሱልኝ» ብለው የሚሰጧችሁን ቋንጣና ቅቤ በፍቅር እምቢ በሏቸው። ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ወደ ኅብረቱ አገሮች አይገባም። የፓስፖርት ቁጥጥሩም ሊስቦን ላይ ሳይሆን መጀመሪያ በምታርፉበት የሸንገን ከተማ ነው፤ አሁን የጣት አሻራና ፎቶ ስለሚወሰድ በሁለቱ በረራዎች መካከል ሰፊ ጊዜ ተዉ። የብር ካርዳችሁንም አትመኑ፤ ዩሮውን በባንክ በኩል አስቀድማችሁ ጨርሱ።

በመጨረሻም ለሰፈሩ መልስ አለን። ሰው ሁሉ ባሕር ማዶ የሚሻገረው ለመቅረት አይደለም። የቀረውን አንኮንንም፤ የገፋው ነገር ይኖራል። እኛ ግን ያየነውን ይዘን መጥተን ቡና ላይ ማውራት አማረን። ለማየት ብቻ መሄድ ለፈረንጅ ከተፈቀደ ለእኛስ ለምን ይከብዳል?

ቸር ይግጠመን!