አንድ ባልዲ፣ ሁለት ሕግ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ አበው። የዛሬው ጽሑፌ ብዙዎቻችን ፊታችንን የምናዞርበትን ጉዳይ ስለሚያነሣ፣ ውድ አንባቢ ከመፍረድዎ በፊት እስከ መጨረሻው እንዲታገሡኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ጉዳዩ በአሜሪካ በመኖሪያ ቤት ውስጥ ለግል መዝናኛ የሚተከለው ካናቢስ፣ በተለምዶ ማሪዋና የምንለው ዕፅ ነው። አስቀድሜ አቋሜን ልናገር፤ እኔ አልተክልም፣ አላጨስም፣ ማንንም ትከል ብዬ አልመክርም። የተከለውን ለመኮነንም ብዕር አላነሣሁም። ብዕሬን ያስነሣኝ በአንድ ወገናችን ምድር ቤት፣ በአንድ ባልዲ ውስጥ አብረው በቅለው ያየኋቸው ሁለት ሕጎች ናቸው። (ዓመታቱ ሁሉ፣ ካልጠቀስሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወዳጄ የሚኖረው በሰሜን ቨርጂኒያ ነው። ዲቪ ደርሶት ከመጣ ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ በአንድ ምግብ ቤት ማድቤት ውስጥ ይሠራል። ታሪኩን የምጽፈው በፈቃዱ ነው፤ ስሙን የማልጠቅስበትን ምክንያት ግን አንባቢ ራሱ ይደርስበታል። ወበቁ በበረታበት በሐምሌ ወር፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የዜግነት ማመልከቻውን አብረን እንድንሞላ ጠራኝ። ቡናው እስኪፈላ ድረስ «ዶክተር፣ ና እስቲ አንድ ነገር ላሳይህ» ብሎ ወደ ምድር ቤት ይዞኝ ወረደ።

በጥቁር ላስቲክ በተጋረደ ጥግ፣ ከመብራት ሥር፣ አራት ተክሎች ቆመዋል። ሁለቱ የበቀሉት ምግብ ቤቱ በጣላቸው ባለ አምስት ጋሎን ባልዲዎች ውስጥ ነው። የባልዲዎቹን ቂጥ በመሰርሰሪያ በስቶ፣ ጎናቸውንም እንደ ወንፊት ቀዳድቶ፣ በጡብ ላይ ከፍ አድርጎ አስቀምጧቸዋል። «ውኃው ካልወረደ ሥሩ ይታፈንና ይበሰብሳል» አለኝ። ሌሎቹን ሁለቱን የተከላቸው ከጤፍ ከረጢት በእጁ ሰፍቶ ባዘጋጃቸው መትከያዎች ውስጥ ነው፤ ጨርቁ አየር ስለሚያሳልፍ ሥሩ ዳር ሲደርስ እየተጠማዘዘ ራሱን ከማነቅ ይልቅ ጫፉ ይደርቅና ከኋላው አዲስ ሥር ያወጣል።

ከሁሉ ይልቅ የተመራመረበት ግን የእርጥበት ነገር ነው። ግድግዳው ላይ የሰቀላትን ትንሽ መለኪያ እንደ ሰዓት ደጋግሞ ያያታል። ተክሉ ለጋ ሳለ ከ65 እስከ 70 በመቶ የአየር እርጥበት ይስማማዋል፤ አበባ ሲይዝ ግን ከ40 እስከ 50 በመቶ መውረድ አለበት። ካልወረደ ጥቅጥቅ ያለው አበባ እርጥበቱን ያምቀውና ቦትራይቲስ የሚባለው ግራጫ ሻጋታ ከውስጥ ጀምሮ ያበሰብሰዋል፤ ከውጭ ሲያዩት ደኅና ይመስላል። ስለዚህ ማራገቢያው ሌት ተቀን ይሽከረከራል፤ እርጥበት የሚመጠው መሣሪያ ያጠራቀመውን ውኃም ማለዳ ማለዳ ይደፋል። በቀን 18 ሰዓት ይበራ የነበረውን መብራት እንዲያብቡ ብሎ ወደ 12 ሰዓት ዝቅ አድርጎታል።

«እናቴ ጓሮ ጌሾና ጤና አዳም ስኮተኩት ነው ያደግሁት፤ እዚህ አፈር ከነካሁ ስንት ዘመኔ!» አለኝ። ቀኑን ሙሉ በእሳትና በሳሕን መካከል ቆሞ ለሚውል ሰው ይህች ጥግ ጓሮው ናት። እውነቱን ለመናገር፣ ከተማሪዎቼ መካከል በዚያ ትጋት የሚመራመር ባገኝ ደስ ባለኝ ነበር።

ከእያንዳንዱ ግንድ ላይ በክር የታሰረች ካርድ አየሁ። ሙሉ ስሙ፣ የመንጃ ፈቃዱ ቁጥር፣ ከሥሩም ለግል መጠቀሚያ የተተከለ መሆኑን የሚገልጽ ቃል ተጽፎባታል። ምን እንደ ሆነች ስጠይቀው «ሕጉ ያዛል። እኔ በሕግ ነው የምሠራው» አለኝ በኩራት።

ወደ ላይ ወጥተን ቡናችንን እየጠጣን ማመልከቻውን ጀመርን። አንድ ጥያቄ ላይ ስንደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ። የማንኛውንም የአሜሪካ ግዛት፣ የአሜሪካን መንግሥት ወይም የውጭ አገርን ሕግ በመጣስ ቁጥጥር የሚደረግበትን ዕፅ አምርተህ ወይም አልምተህ ታውቃለህ ወይ ይላል። «አላውቅም በል» አለኝ ሳያመነታ፤ «ቨርጂኒያ ፈቅዳለች አይደል?» እኔ ግን ጥያቄውን ደግሜ አነበብሁት። «ወይም» የምትለዋ ቃል የሰውን ዕድሜ ልትበላ እንደምትችል ያን ዕለት ገባኝ።

የግዛቱ ሕግና የአገሩ ሕግ

ቨርጂኒያ ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምራ፣ ዕድሜው 21 ዓመት ለሞላው ሰው፣ በአንድ ቤት እስከ አራት ተክል እንዲተከል ፈቅዳለች። ተክሉ ከመንገድ መታየት የለበትም፤ ከልጆች መጠበቅ አለበት፤ ያች ካርድም ትንጠለጠልበታለች። ዋሽንግተን ዲሲ በ2014 በሕዝብ ድምፅ ባጸደቀችውና በፌብሩዋሪ 2015 ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ ለአንድ ሰው ስድስት ተክል ፈቅዳለች፤ ከእነዚህ ለፍሬ የደረሱት ከሦስት አይበልጡም። ሜሪላንድ ከጁላይ 2023 ጀምራ በአንድ ቤት ሁለት ፈቅዳለች። ስድስት፣ አራት፣ ሁለት፤ ድልድዩን በተሻገርን ቁጥር ቁጥሩ ይለወጣል። ከኢትዮጵያ ውጭ ካሉት ትልልቅ ማኅበረሰቦቻችን አንዱ የሚኖረውም በእነዚሁ ሦስት አጎራባች ሥፍራዎች ነው።

የፌዴራሉ መንግሥት ግን ሌላ ቃል አለው። በ1970 የወጣው ቁጥጥር የሚደረግባቸውን ዕፆች የሚመለከተው ሕግ ካናቢስን ከሁሉ በጠበቀው በአንደኛው መደብ አስቀመጠው። በሜይ 2024 የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ወደ ሦስተኛው መደብ እንዲወርድ ሐሳብ ሲያቀርብ ብዙዎች «በቃ፣ ተፈቀደ» ብለው ነበር። መሳሳታቸው ነው። ሦስተኛው መደብም የቁጥጥር መደብ ነው፤ የኢሚግሬሽኑ ሕግም የሚጠቅሰው አንደኛውን ብቻ ሳይሆን መደቦቹን ሁሉ ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በአፕሪል 2019 የአሜሪካ የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎት ባወጣው መመሪያ፣ ከካናቢስ ጋር የተያያዘና የፌዴራል ሕግን የሚጥስ ድርጊት፣ ግዛቱ የፈቀደው ቢሆን እንኳ፣ ለዜግነት የሚጠየቀውን «መልካም ጠባይ» ሊያሳጣ እንደሚችል ገልጿል። ለዚህም የፍርድ ቤት ውሳኔ የግድ አያስፈልግም፤ የአመልካቹ የራሱ እምነት ቃል ሊበቃ ይችላል። ከ30 ግራም ያልበለጠ ማሪዋና ለራሱ መጠቀሚያ አንድ ጊዜ ለያዘ ሰው የተተወች ጠባብ በር አለች፤ ያች በር ግን ለያዘ እንጂ ለተከለ አልተሠራችም። ዜጋ ያልሆነ ሰው ከአገር ወጥቶ ሲመለስም በመግቢያው በር ላይ የሚሰጠው ቃል ጣጣ ሊያመጣበት ይችላል።

እንግዲህ ፍርዱን ለአንባቢ ልተወው። በቨርጂኒያ ሕግ ካርዷን ሳያስር የቀረ ሰው የሚቀጣው ከ25 ዶላር አይበልጥም። ካርዷን በታማኝነት ያሰረው ወዳጄ ግን በገዛ እጁ ጽሑፍ ስሙንና የመታወቂያውን ቁጥር አስፍሮ፣ በሌላው መንግሥት ፊት የሚጠየቅበትን ማስረጃ አዘጋጀ። ጎረቤቱ፣ ዜጋው፣ በዚያው መንገድ ላይ፣ በዚያው ዓይነት ባልዲ፣ በዚያው ካርድ ቢተክል መዝናኛ ነው። ለወዳጄ ግን የዜግነቱ እንቅፋት ነው። ሰው በሁለት ቢላዋ ሲበላ አስመሳይ እንለዋለን፤ ሕግ በሁለት ቢላዋ ሲበላ ምን እንበለው?

«ያልተከለ አይጠየቅ»

ይህን ሳነሣ ሁለት ዓይነት መልስ ይገጥመኛል። የመጀመሪያው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው፤ ማን ትከል አለው?» የሚል ነው። በከፊል እውነት ነው፤ እኔም ዜጋ ያልሆነን ሰው አትትከል እላለሁ። ነገር ግን ሰው ሕግን የሚማረው ካደገበት ሥርዓት ነው። በአገራችንም ፌዴራሊዝም አለ፤ የወንጀል ሕጉ ግን በመሠረቱ አንድ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 ያለ ፈቃድ እንዲህ ያለውን ዕፅ መትከል ሲከለክል፣ ክልከላው በባሌም በጎንደርም ያው ነው። ከዚያ የመጣ ሰው የግዛቱ ምክር ቤት በአደባባይ የፈቀደውን ነገር፣ ከዚያው ምክር ቤት መቶ ማይል ያህል ርቆ ያለው ሌላ መንግሥት ይከለክለዋል ብሎ እንዴት ይጠርጥር?

ሁለተኛው መልስ «በምድር ቤት ያለውን ማን ያያል?» የሚል ነው። የዚህኛው መልስ ሰጪዎች የባሰውን ገደል እያሳዩ ነው። ጥያቄው የሚመለሰው በመሐላ ነው። በመሐላ የዋሸ ሰው ከተተከለው ተክል የከፋ ነገር በራሱ ላይ ይተክላል፤ ዜግነቱን ካገኘ በኋላም ቢሆን ውሸቱ ሊነሣበት ይችላል። ካርዷ አለች፤ በስልክ የተነሣው ፎቶግራፍ አለ፤ ለወዳጅ የተላከው መልእክት አለ። እንደዚያ አበባ ነው፤ ከውጭ ደኅና መስሎ ሻጋታው ከውስጥ ይጀምራል።

ሌላ መንገድ የለም እንዳይባል ጀርመንን እንመልከት። ከአፕሪል 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ሕግ፣ ለአካለ መጠን የደረሰና ቢያንስ ስድስት ወር በአገሩ የኖረ ሰው በመኖሪያ ቤቱ እስከ ሦስት ተክል መትከል ይችላል። መስፈርቱ ዜግነት ሳይሆን ነዋሪነት ነው። ሕጉ ደግ ነው ወይስ ክፉ የሚለውን ጀርመኖች ይከራከሩበት፤ የወጣው ግን ለመላው አገሪቱ በአንድ ቃል ነው። ዜጋውንና እንግዳውን በአንድ ባልዲ ፊት እኩል ያቆማቸዋል።

የእኛ ዝምታ

በአሜሪካ ሕግ አውጪዎች ላይ ብቻ ጣቴን ቀስሬ ብቆም ግን ግማሹን እውነት እደብቃለሁ። ሌላው ግማሽ በእኛው ቤት ነው። ጉዳዩ ነውር ስለሆነ አንነጋገርበትም። በእድሩ አይነሣም፤ በቤተ ክርስቲያኑና በመስጊዱ ግቢ አይነሣም፤ በሬዲዮናችንም ብዙ አይሰማም። «ይህ የፈረንጅ ልጆች ነገር ነው፤ እኛን አይመለከትም» እንላለን። በጣና ሐይቅ አቅራቢያ ከሚገኝ ዋሻ የተገኙ፣ ወደ 14ኛው ክፍለ ዘመን የሚጠጉ የሸክላ ጋያዎች የካናቢስ ቅሪት እንደ ነበረባቸው በ1975 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ይህን የምጠቅሰው ለማመስገን አይደለም፤ «እኛን አይመለከትም» የሚለው አጥር ከጥንትም ክፍተት እንደ ነበረው ለማሳየት ነው።

ደግሞስ ከጫት አልተማርንም? በአገራችን በገበያ መካከል የሚሸጠው ጫት፣ በውስጡ ያለው ካቲኖን በአሜሪካ ሕግ በአንደኛው መደብ ስለተመዘገበ፣ እዚህ ሲገኝ ያስከስሳል። ያን ጊዜ አገር የፈቀደውን ይዘው መጥተው እዚህ የተጠየቁ ነበሩ። ዛሬ ደግሞ እዚሁ የተፈቀደላቸውን ይዘው እዚሁ የሚጠየቁ አሉ። የመጀመሪያው ለመንገደኛ ይገባው ይሆናል፤ ሁለተኛው ግን ማንንም ያደናግራል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ የአሜሪካ ኮንግረስ በግዛት ሕግ የተፈቀደ ድርጊት በስደተኛው ላይ ብቻ የኢሚግሬሽን መዘዝ እንዳያመጣ ሕጉን ሊያስተካክል ይገባዋል፤ ድምፅ መስጠት የምትችሉ ወገኖች ይህን ለተወካዮቻችሁ ንገሩ። ሁለተኛ፣ ስምህን በተክሉ ላይ ጻፍ ብሎ የሚያዝ ግዛት፣ ዜጋ ያልሆንህ እንደሆነ ይህ ይጎዳሃል ብሎ በዚያው ድምፅ፣ በአማርኛም ጭምር፣ ሊያስጠነቅቅ ይገባል። ሦስተኛ፣ የእድርና የእምነት ተቋሞቻችን መሪዎች ነውሩን ለጊዜው ወደ ጎን ብለው በዓመት አንድ ቀን የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋብዘው ያስተምሩ። እኔ የፖለቲካ ሳይንስ መምህር እንጂ ጠበቃ አይደለሁም፤ ይህን ጽሑፍ አንብቦ ልቡ የደነገጠ ሰው ማመልከቻውን ከመፈረሙ በፊት ጠበቃ ይፈልግ፤ በመሐላ ግን አይዋሽ።

ወዳጄም ያንኑ አደረገ። ጠበቃው ማመልከቻውን አሁን እንዳያስገባ መከረው፤ ተክሎቹን በዚያው ሳምንት ነቀላቸው። መልካም ጠባዩ የሚመረመርበት ጊዜ አምስት ዓመት ነውና፣ አዲስ መቁጠር ጀመረ። ዜግነቱን የቸኮለበት ምክንያት አንድ ነበር፤ ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ወላጁን ማስመጣት አይችልም፣ ዜጋ ግን ይችላል። በጓሯቸው ጌሾ ያስኮተኩቱት የነበሩት እናቱ ዘንድሮ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። በስልክ «መቼ ነው ልጄ?» ሲሉት ምን ብሎ እንደሚመልስላቸው አልጠየቅሁትም።

«ያላወቁ አለቁ» የሚለው ብሂል የተነገረው ላላወቀው ሰው ተግሣጽ እንዲሆን ነበር። እያወቅን ዝም ያልነውስ?

ቸር ይግጠመን።