የሊማሊሞን ድንጋይ ዕድሜ ማን ቆጠረው?

ከደባርቅ ተነስቶ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወደ ዛሪማ የወረደ ልጅ የገደሉን ድርብርብ ጥቁር ድንጋይ ሳያይ አያልፍም። «30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል» ሲባል ደግሞ «ያኔ ሰው ሳይኖር ማን ቆጠረው?» ይላል። «ዝም ብለህ እራትህን ብላ» ከማለታችን በፊት ጥያቄው መልስ እንዳለው እንወቅ። ቆጣሪው ድንጋዩ ውስጥ ነው።

የአቶም እምብርት ኒውክለስ ይባላል፤ የተሠራውም ከፕሮቶንና ከኒውትሮን ነው። ፕሮቶኖች እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ሆኖም በጣም ሲቀራረቡ ብቻ የሚሠራ ብርቱ ኃይል ሁሉንም አንድ ላይ ይይዛቸዋል። የሚገርመው፣ ኒውክለሱ ክፍሎቹ ለየብቻ ቢመዘኑ ከሚያመጡት ድምር ይቀልላል። የጎደለው ክብደት ሲተሳሰሩ ጉልበት ሆኖ ወጥቷል፤ ለመበተን ያንኑ ያህል ጉልበት መመለስ ያስፈልጋል። ይህ የማሰሪያ ጉልበት ነው። አጥብቀው ከታሰሩት መካከል ብረት አንዱ ነው።

የአንዳንዱ ኒውክለስ እስር ግን ላላ ያለ ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ መቀናጆ እንደሚፈልግ ሁሉ፣ ፕሮቶን ከፕሮቶን፣ ኒውትሮንም ከኒውትሮን ጋር ሲጣመድ ይጸናል። በድንጋዩ ውስጥ ፖታሲየም አለ። ከ10,000 የፖታሲየም አቶሞች አንዱ ገደማ 19 ፕሮቶንና 21 ኒውትሮን ይዟል፤ ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ያለ ጥማድ ቀርቷል። ስለዚህ አብዛኞቹ ውለው አድረው 20 በ20 ሆነው ካልሲየም ይሆናሉ። ከአሥሩ አንዱ ያህል ደግሞ ፕሮቶኑ ወደ ኒውትሮን ተለውጦ 18 እና 22 ይሆናል፤ ይህም አርጎን የተባለ ጋዝ ነው።

ለውጡ አይቸኩልም፤ ግማሾቹ እስኪለወጡ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጃል። ዝናብም ሆነ ፀሐይ አያፋጥነውም። ድንጋዩ ከእሳተ ገሞራ ቀልጦ ሲፈስ የነበረው አርጎን አመለጠ፤ ከረጋ ወዲህ የተፈጠረው ግን እዚያው ታሽጎ ቀረ። ተመራማሪዎች የታሸገውን ከፖታሲየሙ ጋር አነጻጽረው ዓመቱን ያሰላሉ። ከሊማሊሞ የተወሰዱ ድንጋዮችም በዚህ መንገድ ተለክተው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1997 ታትሟል።

«ታዲያ ድንጋዩ ልጆቻችንን አይጎዳም?» የምትሉ አትስጉ። ይኸው ፖታሲየም በምንበላው ድንች፣ በወተቱና በገዛ ሰውነታችን ውስጥ አለ።

ዛሬ ማታ ለልጃችሁ 19 ባቄላና 21 ሽምብራ ስጡት። ባቄላውን ከባቄላ፣ ሽምብራውን ከሽምብራ ጥንድ ጥንድ ያድርግ፤ ከየዓይነቱ አንድ አንድ ይተርፈዋል። ከዚያ የተረፈውን አንድ ባቄላ በሽምብራ ለውጡለትና እንደገና ያጣምድ። ምን እንደሆነ ራሱ ይነግራችኋል።